እባክዎ አይንኩ

ከጠባሴ ወዲያ፣ የድሮው መጋዘን፣
ዛሬም ያልለቀቀው የሱፍ፣ የበግ ጠረን፣
ኖራ ተቀብቶ፣ አምፖል ተሰቅሎለት፣
ወንድሜ ልሳነወርቅ ሥራውን ደረደረበት።

«ነይና እዪልኝ» ብሎ ሲደውል ማታ
ምን እንደምለብስ ነው ያሰብኩት ላንዳፍታ፤
ሥዕል መስሎኝ እኔ፣ ፈረስ ወይ ተራራ፣
ወይ ጭጋግ ሲወርድ ከጣርማበር ጎራ።

ገባሁ።
ከበሩ ትይዩ፣ ነጭ ሣጥን ላይ፣ ብቻዋን፣
አየኋት ጄሪካኗን።

ያቺን ቢጫዋን፣ እጀታዋ በገመድ የታሰረላት፣
ቂጧን በቀለጠ ፌስታል የደፈንላት፣
ክዳኗ ቢጠፋ ቆረቆንዳ የሰካንላት፣
ጎባጢት ብለን ስም ያወጣንላት።

ከሌሊቱ አስራ አንድ፣ ውርጩ ሣሩን ሲያነጣ፣
በእሷ ነው የተሰለፍኩት ቦኖው ውሃ እስኪመጣ፤
ሃያ ሊትር እሷ፣ አስራ ሦስት ዓመት እኔ፣
ማናችን እንደከበድን ይመስክር ጎኔ።
ልሳን ያን ጊዜ ሕፃን ነው፣ ብርድ ልብስ ውስጥ ተኝቶ፤
እንዴት አወቀ ታዲያ? ከማን ሰምቶ?

ከሥሯ ወረቀት አለ። ቀረብ ብዬ አነበብኩ።
«ያለ ርዕስ። ፕላስቲክ፣ ገመድ፣ ውሃ።» ሳቅኩ።
ስም ያላትን!

ግድግዳው ላይ ደግሞ የአባታችን ካፖርት፣
በብርድ ልብስ ፋብሪካው፣ በሌሊት ፈረቃ፣ ያረጀበት፤
ኪሱ ተገልብጦ፣ የቀረበት ሁሉ በነጭ ክር ተሰፍቶ፣
የአውቶብስ ቲኬት፣ ጥርሱ የረገፈ ማበጠሪያ፣
አንድ ከረሜላ፣ ከነልጣጩ ተረስቶ።

ከረሜላው የኔ ነበር። ቃል ገብቶልኝ በጠዋት፣
ማታ ታሞ ገባ። ኪሱን ማን ደፈረው ከዚያ ለት?

ተናድጄ ነበር፤ ለምን እዋሻለሁ?
ገመና እንደ ብቅል ፀሐይ ላይ ይሰጣል? እላለሁ።
አጠገቤ አንድ ጎረምሳ፣ መነጽር ያደረገ፣
«ባዶነትን ነው የሚያሳይ» ብሎ ለጓደኛው ተረከ።
ባዶ? ጎባጢት? እሷ ባዶ ሆና አታውቅም፤
ባዶዋን ይዤ ብመለስ እናቴ በር አትከፍትም።

እጄ ሳላዘው ሄደ፣ እጀታዋን ሊይዝ፤
«እትዬ፣ እባክዎ አይንኩ» አለኝ ጥበቃው፣
ግማሹ ልመና፣ ግማሹ ትእዛዝ።

አይንኩ?
ገመዱን ተመልከት፣ ወንድሜ፤ ሦስት ቋጠሮ አለበት፤
ሦስተኛው፣ ሁለቱን አላምን ብዬ የጨመርኩበት።
መዳፌን ዘረጋሁለት፤ ጠባሳውን እንዲያይ።
አየው። ኮፍያውን አወለቀ።
ቦታውን ግን አልለቀቀም፤ እንጀራው ነው፣ አልፈርድበትም።

ልሳን መጣ ከኋላ፣ ጺሙን ሙጫ ነክቶት፤
ዝም። እኔም ልቆጣው ያዘጋጀሁት
ምላሴ ላይ ቀረ፤ ነጩ ሣጥን ረጥቧል።
ጠብ... ጠብ... ታፈሳለች ዛሬም፤
ውሃው ወለሉ ላይ መንገድ አበጅቷል።
«ልጠግናት ነበር» አለኝ፣ «ፈራሁ፤ ያንቺን እጅ እንዳላጠፋ።»
ፈራሁ ይለኛል! ይሄ ሁሉ ውሃ እየተደፋ!

ቦርሳዬ ውስጥ የዳቦ ፌስታል ነበረኝ።
ጥበቃውን ክብሪት ጠየቅሁት፤ ዙሪያውን አየና ሰጠኝ።
ውሃዋን ገለበጥን፣ ቂጧን በነጠላዬ አደረቅሁ፣
ሲሚንቶው ላይ ተንበረከክሁ።
ፌስታሉ ነደደ፣ ሸተተ፣ ተጠማዘዘ፤
ምራቅ በነካ ጣቴ ዳመጥኩት፤ ቀዳዳው ያዘ።

ቀና ስል ሰዉ ከቦናል፤
ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻል፣ ያጨበጭባል።
ያ ባለ መነጽር፣ ለጓደኛው፣ ቀስ ብሎ፣
«ይሄም የሥራው አካል ነው» ይላል።

ልሳን ሳቁን ዋጠ።
እኔ ጥቁር ጣቴን ቀሚሴ ላይ ጠረግሁ፤
«በሉ ውሃ አምጡ» አልኩ፣
«ትሞከር።»